ቼንሶ ላይ የገጠምኩት ብረት ጣውላውን ለምን አጠማመመው?

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ነው የምኖረው፤ እንጀራዬም የእንጨት ሥራ ነው። ዛሬ ጥያቄ ይዤ ነው የመጣሁት። ረዘም ስለሚል ታገሱኝ።

ማና ወረዳ ውስጥ አባታችን የተወልን ትንሽ የቡና ማሳ አለች። መሀሏ ላይ አንድ ዋንዛ ነበር። አባቴ ለቡናው ጥላ ብሎ ያሳደገው ነው። ባለፈው ሐምሌ ነፋስና ዝናብ ተጋግዘው ከነሥሩ ነቀሉት። ግንዱ በወፍራሙ በኩል 80 ሳንቲ ሜትር ነው። ቅርንጫፉን ካራገፍኩለት በኋላ ርዝመቱ 3 ሜትር ከ20 ሆኗል። ክብደቱን በግምት ሳሰላው አንድ ቶን ይጠጋል። ቦታው ተዳፋት ስለሆነ መኪና አይደርስበትም። ግንዱን ወደ መሰንጠቂያ ቤት መውሰድ ካልቻልኩ፣ መሰንጠቂያውን ወደ ግንዱ መውሰድ ነው ያለብኝ።

ቼንሶ አለኝ። 72 ሲሲ ነው፣ ስቲል (Stihl) የሚባለው ስሪት፤ ባሩ (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅሙ ብረት) 63 ሳንቲ። ቼንሶን በእጅ ብቻ ይዞ ግንድ በርዝመቱ መሰንጠቅ እንደማያዋጣ ታውቃላችሁ። እጅ ይደክማል፣ መስመር ይሳታል፣ የወጣው ጣውላም መላጊያ ላይ ግማሹ ያልቃል። ስለዚህ 4 በ4 ቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ገዝቼ ብየዳ ቤት ማቀፊያ አሠራሁ። ከባሩ ጋር ትይዩ የሆኑ ሁለት ዘንጎች አሉት። ከዘንጎቹ ጫፍና ጫፍ ወደ ታች የወረዱ እግሮች ባሩን ነክሰው ይይዛሉ። እግሮቹን ከፍ ዝቅ በማድረግ የጣውላውን ውፍረት እወስናለሁ። ዘንጎቹ ከላይ ይንሸራተታሉ፤ ባሩ ከሥር እየተከተለ ይሰነጥቃል። በውጭ አገር አላስካን ሚል የሚባለው ዓይነት ነው። ግንዱ ክብ ስለሆነ ለመጀመሪያው ስንጠቃ ዘንጎቹ የሚንሸራተቱበት ሜዳ የለም። ለሱ ጀርባው ላይ መሰላል በምስማር መትቼ፣ በመሰላሉ ላይ ነዳሁት።

ዋንዛውን ከመንካቴ በፊት 42 ሳንቲ በሆነ የግራቪሊያ ግንድ ሞከርኩት። ውጤቱ አላማረኝም። 5 ሳንቲ ያልኩት ጣውላ በአንድ ጎኑ 5፣ በሌላው ጎኑ 4.3 ወጣ። ፊቱ ላይ እንደ ቆርቆሮ ሞገድ አለው። መሬት ላይ ሳስተኛው ደግሞ እንደ ሕፃን አልጋ ይወዛወዛል።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ጥፋቱ የማቀፊያው ነው? ብረቱን ላጠንክረው ወይስ እንደ አዲስ ላሠራው? ዋንዛው አንድ ነው፤ ሁለተኛ የለኝም። ካበላሸሁት የአባቴን ዛፍ ነው የማበላሸው።

—

ይህን ከለጠፍኩ ሦስት ሳምንት አለፈው። መልሱ 22 ደርሷል። አዲስ የሚገቡ ሰዎች የተመለሰውን ደግመው እየጠየቁ ስለሆነ፣ ማን ምን እንዳለ በየቁጥሩ በራሴ አባባል አሰባስቤዋለሁ።

1ኛው መልስ አጋሮ ካለ አናጢ ነው የመጣው። የጻፈው ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ ግን ነገሩን ሁሉ ቦታ ቦታ ያስያዘልኝ እሱ ነው። ስለ ብረቱ አንድም ነገር ሳይናገር ሜትር ይዤ እንድሄድ ጠየቀኝ። የሳሳው ጎን የሞተሩ ይሁን የባሩ አፍንጫ (ከሞተሩ ተቃራኒ ያለው ጫፍ) ለይቼ እንድነግረው ፈለገ። ደግሞም ጣውላው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎ ወጥሬ መሀሉ ምን ያህል እንደጎደጎደ እንድለካ አለኝ። ማታውኑ ሄጄ ለካሁ። በሞተሩ በኩል 5 ነው፣ በአፍንጫው በኩል 4.3፤ ከዳር እስከ ዳር እንደዚያው ነው። መሀሉ ከሲባጎው 11 ሚሊ ሜትር ወርዷል። ያኔ ነው የገባኝ። አንድ ጥፋት መስሎኝ የጠየቅኩት ሦስት ጥፋት ነበር፦ የጎኑ መሳሳት፣ የፊቱ ሞገድና የመሀሉ መጉበጥ። ሦስቱ አንድ ምክንያት የላቸውም። ቀጥሎ የመጣው ክርክር ግማሹ ሰው አንዱን እያየ ሌላውን ስለረሳ የተፈጠረ ይመስለኛል።

2ኛው ከሦስቱ አንዱንም አልነካም። እኔ ያላየሁትን አራተኛ ችግር አሳየኝ። 63 ሳንቲ ባር 63 ሳንቲ አይሰነጥቅም። በሞተሩ በኩል የማቀፊያው እግርና የቼንሶው ጥፍር፣ በአፍንጫው በኩል ሌላው እግር ቦታ ይወስዳሉ። የሚተርፈው ወደ 50 ሳንቲ ነው። ግራቪሊያው 42 ስለሆነ አለፈልኝ። 80 ሳንቲ ዋንዛ ግን መሀል ላይ ያስቀረኛል። የ90 ሳንቲ ባር ልግዛ እንዳልል ደግሞ አስቀድሞ ዘጋብኝ። 72 ሲሲ ሞተር ያን ያህል ስፋት በርዝመቱ ሲሰነጥቅ ይታነቃል። የሰጠኝ መፍትሔ ግንዱን መጀመሪያ ለሁለት መክፈል ነው። ለዚያ ሌላ፣ በጣም ቀላል ማያያዣ አለ። በግንዱ ጀርባ ላይ ቀጥ ያለ ጣውላ በርዝመቱ ይመታል። ከአንግል ብረት የተሠራ ጫማ የጣውላውን ጠርዝ አቅፎ ይሄዳል። ቼንሶው ጫማው ላይ ታስሮ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይሰነጥቃል። ከላይ 40 ሳንቲ ጥልቀት ከሄዱ በኋላ ግንዱን ገልብጦ ከሌላው ወገን መምጣት ነው። ሁለቱ ስንጥቆች መሀል ላይ ይገናኛሉ። እንዲገናኙ ግን በግንዱ በሁለቱም ጫፍ ላይ በቱንቢ ቀጥ ያለ መስመር መሰመር አለበት። አለበለዚያ አንዱ ወዲህ ሌላው ወዲያ ያልፋል።

3ኛው ግንዱን መሰንጠቂያ ቤት ወስጄ እንድገላገል ነገረኝ። መንገድ እንደሌለ ጽፌ ነበር። ይህንኑ ደግሜ መለስኩለት። በኋላ ጥያቄውን እስከ መጨረሻ ሳያነብ መመለሱን ተናግሮ ይቅርታ ጠየቀ። አመሰግነዋለሁ፤ እንዲህ የሚያደርግ ብዙ ሰው አይገኝም።

4ኛው አጂፕ አካባቢ ብየዳ ቤት ያለው ልጅ ነው። የማቀፊያዬን ፎቶ አይቶ የሳሳውን ጎን ምክንያት ወዲያው አገኘው። በአፍንጫው በኩል ያለው እግር ባሩን የያዘው በአንድ ቡሎን ብቻ ነው። ቼንሶ ሲሠራ ይንቀጠቀጣል፤ የተንቀጠቀጠ ቡሎን ደግሞ ይላላል። እግሩ በሚሊ ሚሊ ወደ ላይ ሲሾልክ ባሩ ወደ ዘንጎቹ ይጠጋል፤ ጣውላውም በዚያ ጎን ይሳሳል። ሁለት ቡሎን አድርጌ፣ ስፕሪንግ ሮንዴላ ከሥር አስገብቼ፣ በላዩ ሁለተኛ ዳዶ እንድደርብ መከረኝ። እግሩና ቱቦላሬው የሚገናኙበት ላይ በሴጌቶ ጭረት እንዳደርግም ነገረኝ፤ ከሾለከ ጭረቱ ይናገራል። ትይዩ ጎኖቹ እኩል እስከሆኑ ድረስ፣ ማዕዘኑ ልክ መሆኑን ለማወቅ የማቀፊያውን ሁለቱን ሰያፎች መለካት በቂ ነው፤ እኩል ከሆኑ ልክ ነው። ባሩን ግን እንዳልበሳ አጥብቆ አስጠነቀቀኝ። የአፍንጫዋን ትንሽ ጥርስ መሽከርከሪያ እንዳልጨምቃትም እንዲሁ። እሷ ከተጨመቀች ሰንሰለቱ ይግላል፣ ባሩም ይቃጠላል።

እስከዚህ ድረስ ጨዋታው የወንድማማች ነበር። 5ኛው ሲመጣ አየሩ ተለወጠ። ይህ ሰው በቁጣ ነው የጻፈው። ቼንሶ ዛፍ ለመጣል እንጂ ጣውላ ለማውጣት አልተሠራም ባይ ነው። ሰፈር ውስጥ በተበየደ ብረት ሕይወታችንን እየቆመርን መሆኑን ጻፈ። አብሮት የሚሠራ ሰው በተበጠሰ ሰንሰለት ጭኑን ሲመታ አይቷል። 6ኛው ደግሞ ከሱ ብሶ መጣ። ይህ ዘዴ በዓለም ላይ ለአሥርተ ዓመታት ሲሠራበት የቆየ መሆኑን ካስረዳ በኋላ፣ 5ኛውን ፈሪ ብሎ ሰደበው። 5ኛው መለሰለት (7ኛ ሆኖ ተቆጥሯል)፤ የጻፈውን እዚህ አልደግመውም። ሁለቱንም ወንድሞቼ ብዬ እንዲበርዱ ለመንኩ።

ግን 5ኛውን ማንም እንዳይንቀው። ስለ ዘዴው ተሳስቷል፤ ስለ አደጋው ግን ልክ ነው። እኔ ስሞክረው በሸራ ጫማ ነበርኩ። ጆሮዬም ዓይኔም አልተሸፈነም። የሱን መልስ ካነበብኩ በኋላ ጠንካራ ቆዳ ጫማ፣ የዓይን መከላከያ፣ የጆሮ መድፈኛና ወፍራም ሱሪ ሳላደርግ ሞተር አላስነሳም። የምቆመውም ከሰንሰለቱ መስመር ገለል ብዬ ነው።

8ኛው መልስ ለኔ የዚህ ውይይት ልብ ነው። የጻፉት ሰቃ በኩል የሚኖሩ አባት ናቸው፤ በልጃቸው ስልክ። በወጣትነታቸው ሁለት ሰው በሚስበው ትልቅ መጋዝ፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሆኖ፣ ጣውላ ሲያወጡ ኖረዋል። ቼንሶ ነክተው አያውቁም። ማቀፊያዬንም አላዩትም። የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፦ መሰላሉ መሀሉ ላይ በምን ተደግፎ ነበር? በምንም አልተደገፈም። ሁለቱን ጫፍ ብቻ ነበር የመታሁት። እሳቸው እንዳስረዱኝ ቼንሶውና የኔ ክንድ ሲጫኑት መሰላሉ መሀል ላይ ይረግባል። የመጀመሪያው ፊት ጎድጓዳ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ማቀፊያው የሚንሸራተተው በዚያ ፊት ላይ ነው፤ ስለዚህ ሁለተኛው ጣውላ የመጀመሪያውን ጉብጠት ይወርሳል፣ ሦስተኛውም የሁለተኛውን። ግንዱ እስኪያልቅ ድረስ ይወራረሳል። ብረቱን በወርቅ ብሠራውም ይህን አያድንም።

የሳቸውን አሠራር ዘርዝረው ነገሩኝ። ሁለት ቀጥ ያሉ እኩል ዘንጎች በግንዱ ሁለት ጫፍ ላይ አግድም ይቀመጣሉ። ራቅ ብሎ ጎንበስ ብሎ በአንድ ዓይን ማየት ነው። የፊተኛው ዘንግ የኋለኛውን ከዳር እስከ ዳር እኩል ከሸፈነው ፊቱ አልተጠማዘዘም። አንዱ ጎን ከፍ ካለ በሽብልቅ ማስተካከል ነው። መስመር የሚመቱት ደግሞ ከባትሪ ድንጋይ ውስጥ በሚወጣው ጥቁር ዱቄት ነበር። ሲባጎውን በዱቄቱ ነክረው፣ ከሁለት ጫፍ ወጥረው፣ መሀሉን ሳብ አድርገው ይለቁታል። ቀጥ ያለ ጥቁር መስመር ግንዱ ላይ ይቀራል። ዛሬ በከሰል ዱቄትም ይሆናል። ጋሼ፣ እዚህ ላይ ደግሜ አመሰግንዎታለሁ።

9ኛው በሳቸው ላይ ጨመረ። መሰላሉ ከግንዱ በሁለቱም በኩል ቢያንስ 30 ሳንቲ ማለፍ አለበት። አለበለዚያ ማቀፊያው ሲገባና ሲወጣ ይዘነበላል፤ ጫፉ ላይ ጉድጓድ ይቀራል። እውነት ነው። የኔ ጣውላ ሁለቱም ጫፍ ላይ እንዲህ ነበር፤ ትኩረት አልሰጠሁትም እንጂ። እሱ ራሱ መሰላሉን ትቶ ሁለት ባለ 6 ሳንቲ ቱቦላሬ በትይዩ አስበይዶ ይጠቀማል። በየ80 ሳንቲው ከሥሩ ሽብልቅ ያስገባል።

10ኛው ስለ ጥርስ ነው። ረጅምና ደረቅ ነበር፣ ግን ወርቅ ነው። ከሱቅ የሚገዛው ሰንሰለት ጥርሱ የተሞረደው በ30 ዲግሪ አካባቢ ነው። ያ ግንድ አግድም ለመቁረጥ ነው። በርዝመት ለመሰንጠቅ ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል። ፊቱ ይለሰልሳል፣ ሞተሩም ይቀለዋል። በአንድ ቀን መለወጥ አያስፈልግም። በተሳለ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እያዞሩ ሦስት አራት ጊዜ ውስጥ ይደረሳል። ለኔ ሰንሰለት 5.2 ሚሊ ክብ ሞረድ ነው የሚሆነው። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የግራና የቀኝ ጥርሶች ርዝመት እኩል መሆኑ ነው። ቀኝ እጃችን ስለሚጠነክር በአንድ በኩል ያሉትን አብዝተን እንሞርዳለን። ያጠረው ወገን ትንሽ ይበላል፣ የረዘመው ብዙ። ባሩ ወደ አንድ ጎን እየተሳበ ይሄዳል። መፍትሔውም በጣም ያጠረውን አንድ ጥርስ ፈልጎ ሌሎቹን በሱ ልክ ማውረድ ነው። ሰንሰለቴን ለካሁት። በግራና በቀኝ መካከል ከአንድ ሚሊ የሚበልጥ ልዩነት ነበር። አንድ ሙሉ ከሰዓት ወሰደብኝ።

ስለ ሞገዱም ይኸው ሰው ነው የመለሰልኝ። ቆም እያልክ ከገፋህ ባቆምክበት ቦታ ሁሉ ምልክት ይቀራል። ግንዱን ትንሽ ወደ ታች እንዲያዘነብል አድርገህ ብታስተኛው የቼንሶው ክብደት ራሱ ይስበዋል፤ አንተ የምታደርገው መምራት ብቻ ነው። የማና ተዳፋት እስከ ዛሬ ጠላቴ ነበር። ለዚህ ግን ተስማማኝ።

11ኛውና 12ኛው ስለ ሞተር ተከራከሩ። 11ኛው ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ መሆኗን አስታወሰ። አየሩ ሲሳሳ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ የኔ 72 ሲሲ እዚህ እንደ 60 ነው የሚሠራው። ካርቡሬተሩን አስተካክዬ የቤንዚኑን መጠን እንድቀንስ መከረ። 12ኛው እዚህ ላይ ተቆጣ። በርዝመት ሲሰነጠቅ ሞተሩ ለደቂቃዎች በሙሉ ጉልበት ይጮሃል፤ ቤንዚኑ ካነሰው ደግሞ ፒስተኑ ይቃጠላል። እንዲያውም በትንሹ እንዲበዛ መተው ነው የሚሻለው። ዘይቱን ደግሞ ማንም በግምት እንዳይቀላቅል። ለቼንሶ የተሠራ ጥሩ የሁለት ስትሮክ ዘይት ከሆነ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ነው። አንድ ስንጠቃ ሲያልቅ ወዲያው ማጥፋትም አይገባም፤ ለአንድ ደቂቃ ያህል ያለ ሥራ እየዞረ ይቀዝቅዝ። እኔ በ12ኛው ነው የሄድኩት።

13ኛዋ መርካቶ የቤት ዕቃ ሱቅ ያላት እህት ናት። በሒሳብ ነው የመጣችው። የቼንሶ ሰንሰለት በየስንጠቃው ወደ 9 ሚሊ ሜትር እንጨት ወደ ሰጋቱራ ይለውጣል። የመሰንጠቂያ ቤት ቀጭን ቀበቶ መሰል መጋዝ (ባንድ ሶው) ከ2 እስከ 3 ሚሊ ብቻ ነው የሚበላው። ሰባት ጊዜ ብሰነጥቅ 6.3 ሳንቲ ሄደ ማለት ነው። ያ ከአንድ ጣውላ በላይ ነው። ስለዚህ ማሳው ላይ 5 ሳንቲ እያልኩ እንዳላደቅቀው መከረችኝ። ወፈር አድርጌ አውጥቼ፣ ሰው ሊሸከመው የሚችለውን ያህል ወደ መንገድ አውርጄ፣ ቀጭኑን ሥራ ከተማ መጥቼ ማሽን ላይ ልሥራው። ብዙ ሰው ስለ ብረትና ስለ ሞተር ሲያወራ፣ ስለ እንጨቱ ራሱ ያሰበችው እሷ ናት። በመጨረሻም አንድ ልመና አስከተለች። ወፍራሙን ጫፍ ለበርጩማ ጠራቢዎች ልተውላቸው። የጅማ በርጩማ ባለ ሦስት እግሩ ከአንድ እንጨት ተፈልፍሎ ነው የሚወጣው። ምስማር የለውም፣ ማጣበቂያ የለውም። ጣውላ ከሆነ በኋላ በርጩማ አይሆንም።

እዚህ ላይ ውይይቱ ከመንገዱ ወጣ። 14ኛው በርጩማ የሚለውን ሲያይ ወደ ጅሬን ወሰደን። የዳግማዊ አባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት የእንጨት ሥራ እያስታወሰ፣ ያን ሁሉ ያለ ሞተር ያወጡ እጆች እንደነበሩ አወጋ። እኔም ልጅ እያለሁ ትምህርት ቤት ወስዶን ምሰሶውን በእጄ ስዳስስ አስታውሳለሁ። ከጥያቄዬ ጋር አይገናኝም፤ ግን ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት።

15ኛው ደስታዬን ቆረጠው። ዋንዛ መቁረጥ ክልክል ነው ብሎ ተነሳ። ቼንሶ የያዘ ሁሉ የበለጤ ገራን ደን እየጨረሰው መሆኑን ጽፎ፣ እኔንም ከነሱ ቆጠረኝ። አመመኝ። ግን ንዴቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ሌሊት ሌሊት ደን ውስጥ የሚሰማውን የቼንሶ ድምፅ የዚህ አካባቢ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዛፉን ነፋስ የጣለው መሆኑን፣ የራሳችን ይዞታ መሆኑን፣ ከቀበሌና ከወረዳ ፈቃድ አውጥቼ ኪሴ ውስጥ መሆኑን ጻፍኩለት። 16ኛው ሕግ የሚያውቅ ሰው ይመስላል፤ በእርጋታ አረመው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጥድ እንዳይቆረጡ የከለከለው ከመንግሥትና ከክልል ደን ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1065 ደግሞ የግል ደንን ያውቃል። ቢሆንም ጣውላውን ከቦታው ለማንቀሳቀስ ወረቀት እንደማይቀር አሳሰበ። 15ኛው አልመለሰም። ጥያቄው ግን መነሳቱ ተገቢ ነበር። ይህን የሚያነብ ሰው ብረት ከማስበየዱ በፊት ወረቀቱን ያውጣ።

17ኛውና 18ኛው ስለ ባህር ዛፍ ተጨዋወቱ። ባህር ዛፍ ውስጡ ውጥረት አለው፤ ገና ሲሰነጠቅ ጣውላው እንደ ቀስት ይነሳል። ከአንድ ወገን ብቻ መላጥ ሳይሆን አንዴ ከዚህ አንዴ ከዚያ እያገላበጡ መሄድ ያስታግሰዋል። ሞራሌ ለምታወጡ ይጠቅማችኋል። ዋንዛ በዚህ በኩል ገር ነው።

19ኛው ሳልጠይቀው የሰጠኝ ነገር ከሁሉ ያስደነቀኝ ነው። በረጅም ባር ላይ የሞተሩ ዘይት አፍንጫው ድረስ በደንብ አይደርስም። እሱ ከፋርማሲ አዲስ የግሉኮስ ቱቦ ይገዛል። አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ማቀፊያው ላይ ያስርና ንጹሕ የሰንሰለት ዘይት ይሞላበታል። ቱቦውን በአፍንጫው አጠገብ ሰንሰለቱ ላይ ያንጠባጥበዋል። ቱቦው ላይ ያለችው መቆጣጠሪያ የጠብታውን ፍጥነት ታስተካክላለች። ሲቆም መዝጋት ነው። የተቃጠለ የመኪና ዘይት እንዳልጠቀም ደግሞ አደራ አለኝ፤ ለቆዳም ለዘይት መግፊያውም ጥሩ አይደለም። ሠራሁት። ባሩ ከስንጠቃ በኋላ በእጅ ይነካል፤ በፊት አይነካም ነበር።

20ኛው አንድ መስመር ነው። ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ ከሆነ ሽቦና ምስማር እንድፈልግ። ፈለግኩ። ሁለት ምስማርና አንድ ውስጥ የገባ ሽቦ አወጣሁ።

21ኛው የራሴ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከአምስት ጎረቤቶች ጋር ወጣን። ጠዋቱ ሙሉ የሄደው በቱንቢ፣ በሲባጎና በሽብልቅ ነው። ሞተር የተነሳው ከምሳ በኋላ ነው። ግንዱን ለሁለት ከፈልነው። በየ50 ሳንቲው ከኋላ ሽብልቅ እየከተትን ስለሄድን ስንጥቁ ባሩን አልነከሰም። ሁለቱ ስንጥቆች ግን ልክ አልገጠሙም። መሀል ላይ 8 ሚሊ ደረጃ ቀረ። ግንዱን ስንገለብጥ ቱንቢውን ደግመን ማየት ነበረብን፤ ቸኮልን። ደረጃውን በመጥረቢያ ጠርቤ፣ በመላጊያ አስተካክዬ፣ ከዚያ ከሥሩ የተደገፈ መሪ አስቀምጬ አዲስ የመጀመሪያ ፊት አወጣሁ። ሁለቱን ዘንጎች አስቀምጬ በአንድ ዓይን አየሁ። አንዱ ጎን በጣም ትንሽ ከፍ ይል ነበር። ሽብልቅ መትቼ ያን ፊት እንደገና ላጥኩት። ጎረቤቶቼ በቃ ቢሉኝም አልበቃኝም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ሆነ። 6 ሳንቲ ብዬ ያወጣሁት ጣውላ በሞተሩ በኩል 6.1፣ በአፍንጫው በኩል 6 ነው። መሀሉ ከሲባጎው 2 ሚሊ ብቻ ነው የወረደው። ሞገዱ በጣት ይዳሰሳል እንጂ በዓይን አይታይም። የቡሎኑ ጭረት ካለበት አልተነቃነቀም። ስለ ማቀፊያው ለሚጠይቁኝ፦ ያው የድሮው ነው። አንድ ቡሎን፣ ሮንዴላና ዳዶ ነው የጨመርኩበት። ጊዜዬን ሁሉ የወሰዱት የመጀመሪያው ፊትና የሰንሰለቱ ጥርስ ናቸው። ከወፍራሙ ጫፍ 50 ሳንቲ ቆርጬ ለበርጩማ አስቀርቻለሁ፤ እህቴ ጠራቢ ካለሽ ላኪልኝ። የጣውላዎቹን ጫፍ ቀለም ቀብቼ፣ በመሀላቸው ቀጫጭን መለያያ እንጨት እያስገባሁ ዳስ ሥር ደረደርኳቸውና ፎቶ ለጠፍኩ።

22ኛው እንደገና የሰቃው አባት ናቸው። ምስጋና ወይም ሙገሳ አልጻፉም። ፎቶውን በልጃቸው ስልክ አስፍተው ሲያዩ ከታች ያለው መለያያ እንጨትና ከላይ ያለው በአንድ መስመር ላይ እንዳልሆኑ አስተዋሉ። ከላይ ያለው ወደ ቀኝ አንድ ስንዝር ይስታል። ክብደቱ ባዶ ቦታ ላይ ሲያርፍ ጣውላው ይረግባል፤ እንደረገበም ይደርቃል። ውፍረቱ 6 ሳንቲ ስለሆነ ለመድረቅ ከሁለት ዓመት በላይ ሊፈጅ እንደሚችል፣ በየ2.5 ሳንቲው አንድ ዓመት እየቆጠሩ እነሱ እንደዚያ ያስቡት እንደነበር ነገሩኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠማማ አድርጌ ላስተኛው እንደማልፈልግ ያውቃሉ። ፀሐይ ሳይበረታ ዛሬውኑ እንዳስተካክለው አዘዙኝ።

ዛሬ ጠዋት ከወንድሜ ልጅ ጋር ወጥተን ድርድሩን ከላይ እስከ ታች አፍርሰን እንደገና ደረደርነው። መለያያዎቹን በሲባጎ አስተካክዬ አንዱን ባንዱ አናት ላይ አድርጌያለሁ፤ በየ50 ሳንቲው። ጋሼ፣ አዲሱን ፎቶ ከሥር አያይዣለሁ። እስቲ ይዩልኝ።